ከሰሉ ውጭ ይደር፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የብርድ ወራትን ለማሳለፍ

ዝናቡ ሲወጣ ብርዱ እንደሚገባ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቃል። ሐምሌንና ነሐሴን በጭቃና በደመና ያሳለፈ ሰው ከመስቀል በኋላ ፀሐይ አገኘሁ ብሎ ሳይጨርስ፣ ሌሊቱ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር እየቀዘቀዘ ይሄድና የሱሉልታና የሰንዳፋ ሜዳ ሣር ንጋት ላይ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። ደመና ለምድር እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ እሱ ሲገፈፍ ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ሌሊቱን ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ከባዱ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከኮረብታው ወደ ሜዳውና ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። በዚህ ከፍታ፣ በቆርቆሮ ግድግዳና በሲሚንቶ ወለል መካከል የሚያድር ሰው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ብርድ አቅልሎ ሊያየው አይገባም።

ይህን መመሪያ ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ የኅዳር ማለዳ ነው። በሰፈራችን ግንባታው ያላለቀ ቤት የሚጠብቁ አንድ አባት ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራቸው። የሚያድሩባት ጎጆ ከአሮጌ ቆርቆሮ የተመታች ስትሆን፣ ቀዳዳዋ ሁሉ በሲሚንቶ ከረጢትና በማዳበሪያ ጆንያ የተወተፈ ነበር። የዚያን ዕለት የቀን ሠራተኞቹ መጥተው በሩን ቢያንኳኩ መልስ ጠፋ። በሩ ተገፍቶ ሲከፈት ጋሼ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ ከእግራቸው ሥር የነበረችው ምድጃ አመዷ ነጭ ሆኖ፣ እጄን ሳስጠጋት ገና ለብ ትል ነበር። ቀዳዳዎቹን የወተፉት በገዛ እጃቸው ነው። ብርዱን ለማስቀረት የደፈኑት ቀዳዳ አየሩን አስቀረባቸው።

ከሌሎች አገሮች የበረዶ ወራት የምንማረው

በእኛ ቋንቋ ክረምት ማለት ዝናብ ነው፤ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በሰሜን እስያ ግን ዓመቱ ሲገባደድ የሚመጣው ወቅት በረዶና ውርጭ ይዞ ስለሚመጣ፣ ላለማደናገር የበረዶ ወራት እያልሁ እጠራዋለሁ። የእኛ ብርድ ከእነርሱ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ይሁን እንጂ በእነዚያ ወራት ሰዎች በምን ሁኔታ እንደሞቱ ሲታይ፣ ከጋሼ ጎጆ ብዙም የማይርቅ ነገር ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ያልተለመደ ውርጭ በወረደ ጊዜ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ተቋረጠባቸው፤ የግዛቲቱ ጤና ቢሮ በኋላ ባወጣው ቆጠራ 246 ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቹ የሞቱት ሰውነታቸው ከመጠን በላይ ቀዝቅዞ ነው። ሌሎቹ ግን ብርዱን ሽሽት መኪናቸውን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አስነሥተው ወይም የከሰል ምድጃና ጄኔሬተር ወደ ቤት አስገብተው ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚባለው በማይታየው መርዘኛ ጋዝ ያለቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 1998 በካናዳ ኩቤክ የበረዶ ዝናብ የመብራት ምሰሶዎችን ሰባብሮ ሚሊዮኖችን በጨለማ ባስቀረ ጊዜም እንዲሁ በብርድ የሞተ ነበር፣ በመሞቂያው የሞተም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ አውሮፓን የመታው ውርጭ በዩክሬን ብቻ ከ100 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ በጎዳና ላይ የተገኙ፣ የሚያንኳኳላቸው በር እንኳ ያልነበራቸው ሰዎች ነበሩ።

ለእኛ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ግን የሞንጎልያ ታሪክ ይመስለኛል። እዚያ ከድርቅ በኋላ የሚመጣውን፣ ከብት የሚፈጀውን ከባድ ውርጭ ዙድ ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2010 በነበረው ዙድ ከ8 ሚሊዮን በላይ እንስሳት አለቁ፤ ከብታቸውን ያጡ እረኞችም ድንኳናቸውን ጠቅልለው ወደ ዋና ከተማው ወደ ኡላንባታር ዳርቻ ፈለሱ። በዚያ የከተማ ዳር የሠፈረው ሕዝብ ቤቱን የሚያሞቀው በድንጋይ ከሰል በመሆኑ ከተማው በጭስ ታፈነ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 መንግሥት ጥሬውን የድንጋይ ከሰል ከልክሎ ጭሱ ያነሰ፣ ተጨምቆ የተሠራ ከሰል አቀረበ። ብርዱ ሲገባ ግን የጭስ መውጫቸው በአግባቡ ባልተሠራ ምድጃዎች ምክንያት በካርቦን ሞኖክሳይድ የታመሙ ብቻ ሳይሆኑ የሞቱም ነበሩ። ጭስ ማነሱና አደጋ ማነሱ አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

ከእነዚህ ሁሉ ለቤታችን የምወስደው ይህን ነው፦ እሳቱ ውጭ ይደር፣ ሙቀቱ በገላችን ላይ ይሁን፣ ብቻውን የሚያድር ሰው በር ይንኳኳ። ከዚህ በታች ያለው ይህ በተግባር እንዴት እንደሚደረግ የሚገልጽ ነው።

ከሰልና ፍም

ከሰል ሲነድ በቂ አየር ካላገኘ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ጉሮሮም አይከረክርም። ወደ ሳንባ ሲገባ ኦክስጅንን በሚሸከመው የደም ክፍል ላይ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ስለሚጣበቅ፣ ሰውየው እየተነፈሰም ገላው አየር ያጣል። ተኝቶ ከሆነ እንቅልፉ ይከብዳል እንጂ አይነቃም። ነቅቶ ከሆነ ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ሊነሣ ሲሞክርም በሩ ጋ ሳይደርስ የሚወድቀው ለዚህ ነው።

በየሰፈሩ የሚባሉ፣ እኔም ከዘመዶቼ አፍ የሰማኋቸው ማጽናኛዎች አሉ፤ አንድ በአንድ ሊመለስላቸው ይገባል። የመጀመሪያው «ውጭ አቀጣጥዬ ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው ያስገባሁት» የሚለው ነው። ጭሱ ያለቀ፣ ቀይ ሆኖ የሚያምር ፍም ነው አደገኛው፤ የማይታየውን ጋዝ ያለማቋረጥ የሚያወጣው እሱ ነው፣ አመድ ለብሶ የሞተ በሚመስልበት ሰዓትም አላቆመም። ሁለተኛው ከምድጃው አጠገብ ውኃ በሳህን ማስቀመጥ፣ ፍሙ ላይ ጨው መነስነስ ወይም ሽንኩርት መክተፍ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ በውኃ ውስጥ ከቁጥር በማይገባ መጠን ብቻ ስለሚሟሟ ውኃው አይዘውም፤ ጨውና ሽንኩርትም ሽታ ይለውጡ ይሆናል እንጂ ሽታ የሌለውን ነገር አያስወግዱም። ሦስተኛው «መስኮቱን ገርበብ አድርጌዋለሁ» የሚለው ነው። በነቃንበት ሰዓት በርና መስኮት ተከፍቶ ንፋስ ሲያልፍ ሌላ ነገር ነው፤ ሌሊት ግን ንፋስ ሊቆም፣ ሕፃን ሊበርደው፣ እናት ተነሥታ ልትዘጋው ትችላለች። በተኛንበት ክፍል የገርበብታ ልክ የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ይሁን። ከሰል ወደ ቤት የሚገባው ቤተሰቡ ነቅቶ ሳለ፣ ለቡና ወይም ለወጥ፣ በሩ ተከፍቶ ብቻ ነው፤ ከቤተሰቡ የመጀመሪያው ሰው ጎኑን ከማሳረፉ በፊትም ምድጃው ይወጣል። የቡናው ሥርዓት በሚያምርበት በዚያ ሰዓት በር ክፍት መሆኑ ብርድ ያስገባል ማለት እውነት ነው፤ ጋቢ መደረብ ይሻላል።

እዚህ ላይ ሰው ምድጃውን እንዳያወጣ የሚያደርገውን እውነተኛ ምክንያት ሳላነሣ ብቀር መመሪያው ከንቱ ይሆናል። አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው ምድጃው ሌሊት እንዳይሰረቅበት ይፈራል፤ ከዚያም በላይ በዚህ የከሰል ዋጋ ገና ያልነደደ ፍም ውጭ አውጥቶ አመድ እንዲሆን መተው አንጀቱን ይበላዋል። ለዚህ የሚሆን ቀላል መላ አለ። ጥብቅ የብረት ክዳን ያለው አሮጌ ጣሳ ወይም የቀለም ቆርቆሮ ያዘጋጁ። ማታ ሥራ ሲያልቅ ፍሙን በመቆንጠጫ እየለቀሙ ውጭ እዚያ ውስጥ ይክተቱና ክዳኑን ገጥመው ይዝጉት፤ አየር ያጣ ፍም ይጠፋል፣ የተረፈው ከሰልም ለነገ ጠዋት ይቆያል፤ ደረቅ ስለሆነም በቶሎ ይያያዛል። ባዶው ምድጃ ሲቀዘቅዝ ወደ ቤት ሊገባ ይችላል፤ ጣሳው ግን እስኪነጋ ውጭ፣ ከመስኮትና ከበር ርቆ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ፣ ከጭድና ከእንጨት ግድግዳ ተለይቶ ይደር። እኛ ቤት ሥሩ ድንጋይ ተደርጎለት ከውኃ በርሜሉ ጎን ይቀመጣል።

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ፎቅ ከቆርቆሮ ቤት ይበልጥ አየር የማያሳልፍ መሆኑን አስቡ። መብራት ሲጠፋ በኩሽና ወይም በመታጠቢያ ክፍል ከሰል አንድዶ በር መዝጋት በጋሼ ጎጆ ውስጥ ከማደር አይለይም። ጄኔሬተር ያለው ሰው በረንዳ ላይም ሆነ በደረጃ ሥር አያስነሣው፤ ከየትኛውም መስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ግቢ ውስጥ ይቀመጥ። የኤሌክትሪክ ስቶቭና ምጣድ ለማሞቂያ ተብለው የተሠሩ ባለመሆናቸው፣ በአንድ ዲቫይደር ላይ ከሌላ ዕቃ ጋር ሰክቶ እያነደዱ መተኛት ሌላ ዓይነት እሳት መጥራት ነው።

ክፍሉን ሳይሆን ገላን ማሞቅ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤት መመሪያ፣ ቀዝቃዛ ወቅት ባለባቸው አገሮች የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያንስ ይመክራል። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት በታኅሣሥ ሌሊት እዚያ እንደማይደርስ የታወቀ ነው፤ ሊያደርሰው የሚሞክር ሰው ነው ከሰል ይዞ የሚቆለፈው። ያለን ሙቀት ገላችን የሚያመነጨው ነው፤ ሥራችን እሱ እንዳያመልጥ ማድረግ ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው ብርድ ከሥር የሚመጣው ነው። ፍራሽ በሲሚንቶ ወለል ላይ ሲነጠፍ ወለሉ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ይጠጣል፤ ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ቢደረብም ጀርባ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ገንዘብ ያለው አልጋ ይግዛ፣ የሌለው ካርቶን ደራርቦ ዘርግቶ ሰሌን ወይም ቁርበት ያንጥፍበት፤ ንጹሕና ደረቅ ጭድ የተሞላ ማዳበሪያ ጆንያ በፍራሹ ሥር ማስገባት አያቶቻችን የሚያውቁት፣ ዛሬም የሚሠራ ነገር ነው። ጭዱ እርጥበት ሲይዝ በፀሐይ ይሰጣ ወይም ይለወጥ።

ከላይ ሲደርቡ ደግሞ ሙቀቱን የሚይዘው በድርቦቹ መካከል ያለው አየር መሆኑን ያስቡ። ጋቢ አራት ድርብ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስስ የሆነው ከገላ ጋር፣ ወፍራሙ ከላይ ይሁን፤ ጥብቅ ብሎ የሚያንቅ ካልሲ ደም እንዳይዘዋወር ስለሚያደርግ ከሁለት ጠባብ ካልሲ አንድ ሰፊ ይሻላል። ራስ በሻሽ ወይም በኮፍያ ይሸፈን። ቀን የለበሱት ልብስ በላብ ወይም በጤዛ ረጥቦ ከሆነ በዚያው መተኛት ብርዱን ለብሶ እንደ መተኛት ነው፤ ካልሲ ብቻ መለወጥ እንኳ ልዩነት ያመጣል። ብርድ ልብሱና ጋቢው ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጡና ጤዛ ሳይወርድ፣ ከአሥር ሰዓት በፊት ይሰብሰቡ።

ከሰሉን የሚተካ አንድ ነገር ምረጥ ብባል የምመርጠው ሙቅ ውኃ ነው። ማታ እሳቱ ከመጥፋቱ በፊት ውኃ ያሙቁ፤ ባዶ ሃይላንድ ወስደው እጅ የሚችለውን ያህል የሞቀ፣ ያልፈላ ውኃ ይሙሉበት፤ የፈላ ከሆነ ፕላስቲኩ ይጨማደድና ይፈስሳል። ክዳኑን አጥብቀው ገልብጠው ይፈትሹት፣ በካልሲ ወይም በፎጣ ይጠቅልሉት፣ ከመተኛትዎ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀደም ብለው በብርድ ልብሱ ሥር፣ እግር በሚያርፍበት ቦታ ያስገቡት። የሞቀ አልጋ ውስጥ የገባ ሰው ከሰሉን አይናፍቅም። በፔርሙዝ የዝንጅብል ሻይ ማሳደር ሌሊት ለሚነሣ አዛውንትና ለጥበቃ ትልቅ ነገር ነው።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው አባባል የሥጋ ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ገላ ሙቀት የሚያመነጨው ከምግብ ነው፤ ሳይበላ የተኛ ሰው ሌሊቱን የሚያነድደው የለውም። አጥንቱ ያልተገኘለት ትኩስ ሽሮ፣ አጥሚት፣ ገንፎ ወይም በሶ ከመኝታ በፊት ይውሰድ። አረቄ ግን አይሆንም። አረቄ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሰውዬውን የሞቀው ያስመስለዋል፤ እውነተኛው ነገር ግን ሙቀቱ ወደ ውጭ እየወጣ፣ ማስተዋሉም እየደከመ ነው። በአውሮፓ ጎዳናዎች በውርጭ ሞተው ከሚገኙት መካከል ጠጥተው የወጡ የሚበዙት ለዚህ ነው።

ቤቱን ስንደፍን

ንፋስ የሚያስገባውን የታችኛውን ቀዳዳ መድፈን ተገቢ ነው፤ በጭድ የተለወሰ ጭቃ ለዚህ የሚሆን ጥሩ ነገር ነው፣ በበር ሥር ደግሞ የተጠቀለለ ጨርቅ ይበቃል። ሙቀት በዋነኛነት የሚያመልጠው በቆርቆሮው ጣሪያ ስለሆነ ከአቡጀዴ ወይም ከንጹሕ ማዳበሪያ ጆንያ የተሠራ ኮርኒስ ከግድግዳ ልስን ይልቅ ቀድሞ ቢሠራ ይሻላል። ነገር ግን ከግድግዳውና ከጣሪያው መጋጠሚያ ላይ፣ በሁለት ተቃራኒ ወገን፣ መዳፍ የሚያስገባ ክፍት ቦታ ይተዉ። ይህ ክፍተት ለትንፋሽና ለእርጥበት መውጫ እንጂ ለከሰል ፈቃድ አይደለም።

ጨቅላ፣ አራስና አዛውንት

አራስ ቤት መሞቅ አለበት የሚለው ልማድ ትክክል ነው፤ የሚሞቅበት መንገድ ነው አደገኛው። በር ተዘግቶ፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ጥግ ላይ ከሰል በሚነድበት ክፍል ውስጥ እናትና የቀናት ዕድሜ ያለው ልጅ አብረው ይታፈናሉ። ነፍሰ ጡርም ብትሆን በማሕፀን ያለው ልጅ ከእርሷ ይልቅ በዚህ ጋዝ ይጎዳል፤ እርሷ ራስ ምታት ብቻ ተሰምቷት ሳለ ልጁ አደጋ ላይ ሊሆን ይችላል።

ለጨቅላ የሚሆነው ከሁሉ የተሻለ ማሞቂያ የእናቱ ደረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ ሐኪሞች ማሞቂያ መሣሪያ ቢያጥራቸው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በእናቶቻቸው ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አጣብቀው ማቆየት ጀመሩ፤ ዛሬ የካንጋሮ እንክብካቤ ተብሎ በእኛም ሆስፒታሎች ይሠራበታል። ሕፃኑ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ ለብሶ በጡቶቿ መካከል ይቀመጣል፣ ከላይ ነጠላና ጋቢ ይደረብበታል፤ እናቲቱን እንቅልፍ ሲጥላት አባት ወይም አያት ይተኳታል። አዲስ የተወለደ ልጅ ቢያንስ እስከ 24 ሰዓት ድረስ አይታጠብ። እግሩና ሆዱ ሲዳሰስ ከቀዘቀዘ፣ መጥባት ከተወና ከፈዘዘ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

አዛውንት ደግሞ ብርዱን የሚናገሩት ዘግይተው ነው። ዕድሜ ሲገፋ ገላ ብርድን የማወቅና የመንቀጥቀጥ ኃይሉ ስለሚደክም፣ «እማማ በረደዎት?» ሲባሉ «ኧረ ደህና ነኝ ልጄ» የሚሉት ለይሉኝታ ብቻ ሳይሆን በእርግጥም ሳይሰማቸው ቀርቶ ነው። ስለዚህ ከመጠየቅ ይልቅ እጅን በአንገታቸው ሥር ወይም በሆዳቸው ላይ ማስገባት ይሻላል፤ እዚያ ከቀዘቀዘ በርዷቸዋል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ንግግር ይተሳሰራል፣ እርምጃ ይንገዳገዳል፣ ሐሳብ ይበታተናል። ይንቀጠቀጥ የነበረ ሰው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ ጤና አገኘ ማለት አይደለም፤ ገላው ተሸንፏል።

ብቻውን የሚያድር ሰው

በከተማችን ዳርቻ በየግንባታው፣ በየመጋዘኑና በየፓርኪንጉ የሚያድሩ ጥበቃዎች ብርዱን የሚቀበሉት ቀድመው ነው። ጥበቃ ቀጥሮ የሚያሠራ ሰው የጎጆዋን ወለል በጣውላ ማንሣት፣ የማይደፈን የአየር መተላለፊያ በብረት ወንፊት ማሠራት፣ ብርድ ልብስና ፔርሙዝ ማቅረብ አለበት። ይህን ምጽዋት አድርጎ ማየት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሌሊቱን የሸጠለትን ሰው በሕይወት የማቆየት ግዴታ ነው። ጥበቃውም ከሰሉን ከጎጆዋ ደጃፍ ውጭ አድርጎ ይሙቅ፣ ጎኑን ሊያሳርፍ ሲል ያጥፋው።

እድራችን ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን ተክሎ ወንበር ለማምጣት የሚቀድመው የለም። በጥቅምት መጀመሪያ በሚደረገው ስብሰባ ብቻቸውን የሚኖሩትን አባላት ስም በአንድ ወረቀት መጻፍና ለእያንዳንዳቸው የቅርብ ጎረቤት መመደብ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የተመደበው ሰው ማታ አንድ ጊዜ፣ ጠዋት አንድ ጊዜ ያንኳኳል፤ ማታ ሲያንኳኳ ምድጃው የት እንዳለ በዓይኑ ያያል። እኛ ጋሼን የምናያቸው ጠዋት ሰላም ስንላቸው ብቻ ነበር። ማታ ላይ ያያቸው አልነበረም።

ስለ ማለዳው ጭስም ጥቂት ልበል። ቀዝቃዛ አየር በሸለቆ ተኝቶ ንፋስ ሲጠፋ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 ለንደን ውስጥ ብርዱን ሽሽት የነደደው የድንጋይ ከሰል ጭስ ለአምስት ቀናት ከተማዋን ሸፍኖ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የገደለው በዚህ መንገድ ነው። እኛም በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ካጠቃው የኅዳር በሽታ ጋር የሚያያዘውን ኅዳር ሲታጠን በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን እናስባለን፤ ሰብስቦ መጣሉና መቅበሩ ያው ጽዳት ነውና፣ ላስቲክና ጎማ ባይቃጠል አስም ያለበት ሕፃንና ሳንባው የደከመ አዛውንት በዚያ ማለዳ ይተነፍሳሉ።

አደጋ ሲደርስ

በቤት ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ካስመለሰው እና ከሰል ከነበረ፣ ምግቡን ከመጠርጠር በፊት ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጡ። ራሱን የሳተ ሰው ያለበትን ክፍል ሲያገኙ በሩንና መስኮቱን በርግደው ይክፈቱ፣ ትንፋሽዎን ይዘው ይግቡና ሰውየውን ወደ ደጅ ይጎትቱ፤ ውስጥ ቆሞ ለማስነሣት መሞከር አዳኙን ሁለተኛ ሟች ያደርገዋል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር በ939 ይገኛሉ። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኝተው ጋቢ ይደርቡለት፤ የማይተነፍስ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ወዲያውኑ ደረቱን እየተጫነ ትንፋሽ ይስጠው።

ወተት አያጠጡት፤ ራሱን የሳተ ሰው ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባል እንጂ መርዙ በሆድ ውስጥ የለም። ሎሚ ማሽተትም ጊዜ ማባከን ነው። የሚያድነው ኦክስጅን ነው፦ በተራው አየር ግማሹ ጋዝ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፣ በሐኪም ቤት ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ሲደርሱ «ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ አድሮ ነው» ብለው ሳይጠየቁ ይናገሩ። ነቅቶ ደህና ነኝ ያለውም ይመርመር፤ በልብና በአንጎል ላይ የሚደርሰው ጉዳት ዘግይቶ ሊገለጥ ይችላል።

ያለ ከሰል በብርድ ብቻ የተጎዳ ሰው ከሆነ እርጥብ ልብሱን አውልቀው በደረቅ ይጠቅልሉት፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ሙቅ ሃይላንድ በብብቱና በደረቱ አጠገብ ያድርጉ፤ የነቃ ከሆነ ስኳር የበዛበት ሻይ ይስጡት። እጅና እግሩን አይሹ፣ ወደ እሳትም አያስጠጉ። እ.ኤ.አ. በ2008 አፍጋኒስታንን የመታው በረዶ ከ900 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ከተረፉት መካከል እግራቸውን በውርጭ ያጡ ነበሩ፤ የደነዘዘ እግር መቃጠሉን አያውቅም።

በእኛ ቤት ጥቅምት ከገባ ጀምሮ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ልጄ ሃይላንዶቹን ትሞላለች፣ ባለቤቴ በግቢያችን ያሉትን እማማ አንኳኩታ በአንገታቸው ሥር እጇን ታስገባለች፣ እኔ ፍሙን በመቆንጠጫ እየለቀምሁ ወደ ጣሳው እከትታለሁ። የጣሳው ክዳን ሲገጥም ነው በራችንን የምንቆልፈው።